ልጁ ትን ያለው ሌሊት

የሕፃን ልቅሶ እንቅልፍ ይነሳል ተብሎ ሲማረርበት ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ካለፈው ክረምት ወዲህ የጎረቤት ጨቅላ ግድግዳ አልፎ ሲሰማኝ በልቤ «እሰይ» እላለሁ። የሚያለቅስ ልጅ አየር እየገባለት ነው። አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ምንም ድምፅ የማያወጣ ልጅ ምን እንደሚመስል ያየሁት በገዛ ልጄ ላይ ነው።

ወንድ ነው። አርባ ቀኑ አልሞላም፤ የክርስትናው ድግስ እየተሰናዳ ነበር። አማቴ ልጃቸውን ሊያርሱ ከደብረ ብርሃን የመጡት ገና ምጡ ሳይጀምራት ነው፤ ገንፎውም፣ አጥሚቱም፣ የአራስ ቤቱ ሥርዓትም በእጃቸው ነበር። የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወሩ ሐምሌ፣ ውጭው ዝናብ፣ መብራቱ ጠፍቷል። ባለቤቴ ልጁን በሻማ አጥብታ፣ ትከሻዋ ላይ አስደግፋ አስገስታ አስተኛችው። ልጁ ቀድሞም ያቀረሻል። በጠባ ቁጥር ትንሽ ወተት ትከሻችን ላይ ይመልሳል፤ ቤታችን ውስጥ ቅርሻት ያልነካው ነጠላ አልነበረም። ጠርገን፣ ስመነው እናልፋለን። በዚያ ሌሊት ግን ወተቱ በአፍም በአፍንጫም አንድ ላይ መጣ።

ልጁ ጀርባውን ወደ ኋላ ወጠረ። እጆቹን ዘረጋ፤ አፉ ተከፈተ፤ ድምፅ የለም። በስልኬ መብራት ሳየው ከንፈሩ ዙሪያውን ጠቁሯል። ባለቤቴ እየጠራች ታነቃንቀዋለች። አማቴ ከእጇ ተቀብለው እርግብግቢቱን እፍ፣ እፍ ይሉታል፤ በመሃል «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ይላሉ። እኔ በሩን በርግጄ ደረጃው ላይ ወጥቼ ጮህኩ። ምን ብዬ እንደ ጮህኩ አላስታውሰውም።

የኮንዶሚኒየም ሰው አይተዋወቅም ይባላል። ይህን አባባል ከዚያ ሌሊት ወዲህ የሚናገር ሰው ካጋጠመኝ ፊት ለፊት እከራከረዋለሁ። ከላይም ከታችም በሮች ተከፈቱ፤ ደረጃው በስልክ መብራት ተሞላ። አንዷ የሚካኤልን ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ መጣች። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፊልም ላይ እንዳየው ሆዱን ልጫነው ብሎ እጁን ዘረጋ። በዚህ መሃል የሁለተኛ ፎቋ ሲስተር ደረሱ። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃ ሲወጡ እየቆሙ ነው። በዚያ ጨለማ ሁለት ፎቅ እንዴት በፍጥነት እንደ ወጡት እግዚአብሔር ይወቀው።

«አምጡት» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ልጁን በደረቱ ክንዳቸው ላይ አጋደሙት፤ ክንዳቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ፤ መንጋጋውን ጉሮሮውን ሳይነኩ በመዳፋቸው ያዙ። ጭንቅላቱ ከደረቱ ዝቅ ብሏል። በሌላው መዳፋቸው ግርጌ ሁለት ትከሻዎቹ መካከል ይመቱት ጀመር፤ የፍርሃት ምት አልነበረም፤ ጠንከር ያለ ነው። አምስት ጊዜ ሳይመቱት የረጋ ወተት ከንፍጥ ጋር ከአፉ ወጣና ልጁ ጮኸ።

ደረጃው ላይ የቆመው ሰው ሁሉ እልል አለ። ባለቤቴ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ሲስተር ግን አልተዘናጉም። «አሁኑኑ ሐኪም ቤት» አሉኝ፤ «ቢያለቅስም ይታይ። ገና ሁለት ወር አልሞላውም፤ ለእንዲህ ያለ ጨቅላ ነገ ይባላል እንዴ?» የሚኒባስ ሾፌሩ ጎረቤታችን ባዶ እግሩን ወርዶ መኪናውን አስነሳ። የግቢው በር በሰንሰለት ተቆልፏል፤ ዘበኛው ቁልፉን በጨለማ ሲፈልግ ያለፈው ጊዜ ከመንገዱ ሁሉ የረዘመ መሰለኝ። ጎርፉን እየሰነጠቅን መጀመሪያ የደረስንበት ክሊኒክ «የሕፃናት ሐኪም የለንም» ብሎ ከበር መለሰን። ልጁን ገልጦ ያየው ሰው አልነበረም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ የሕፃናት ሐኪም ባይኖር እንኳ ትንፋሹን የሚቆጥር፣ ኦክስጅኑን ጣቱ ላይ የሚለካ አንድ ነርስ እንዴት ይጠፋል? ሁለተኛው ሆስፒታል ተቀበለን፤ ለክትትልም አስተኙት።

የሕፃናት ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ለአማቴ ወንበር ስባ አስቀምጣ ነው ማስረዳት የጀመረችው። በምግብ ቱቦውና በጨጓራው መገናኛ ላይ ያለው ጡንቻ በሕፃናት ገና አልጠነከረም፤ ምግቡ ፈሳሽ ነው፤ የሚውለውም የሚያድረውም ተኝቶ ነው። ስለዚህ ውታፉ የላላ የወተት ቅል ሲጋደም እንደሚሆነው ወተቱ ይመለሳል። ሪፍላክስ የሚሉት ይህንኑ ነው። ብዙ ሕፃናት ያቀረሻሉ፤ አራት ወር ገደማ ይብስባቸዋል፤ መቀመጥና ጠንካራ ምግብ መብላት ሲጀምሩ እየቀነሰ ሄዶ፣ አብዛኞቹን ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ይተዋቸዋል። ክብደቱ እየጨመረ፣ እየሳቀ የሚያቀረሽ ልጅ መድኃኒት አያስፈልገውም አለች። ይህን ስትል የባለቤቴ ትከሻ ሲላላ አየሁት።

እኔን ያስገረመኝ ስለዚያ ዝምታ የነገረችን ነው። ወተት ወደ አየር ቱቦው አፍ ሲጠጋ የድምፅ አውታሮቹ በቅጽበት ይዘጋሉ፤ ሳንባውን ለመጠበቅ ነው። ለጥቂት ሰከንዶች አየር አይገባም፤ ልጁም ድምፅ ያጣል፤ ከዚያ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይለቃል። እኛን ያርበደበደን ነገር የልጁ ሰውነት ራሱን የሚከላከልበት መንገድ ነበር። ግን ሐኪሟ ይህን ብላ አላበቃችም። ቀለሙ የተለወጠ ወይም ትንፋሹ የተቋረጠ ሕፃን ወዲያው ቢሻለውም መመርመር አለበት አለች፤ ኢንፌክሽንም፣ የልብ ችግርም፣ የሚጥል በሽታም እንዲሁ ሊጀምሩ ይችላሉ። ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ፣ ደም ካለበት፣ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ በኃይል ተወርውሮ የሚወጣ ከሆነ፣ ልጁ ካተኮሰው፣ መጥባት ከተወ ወይም ክብደቱ ካልጨመረ አንድ ሌሊት እንኳ ቤት ማሳደር አይገባም።

ባለቤቴ ስታጠባው ደግሞ ሐኪሟ ተመለከተቻት። ወተቷ ሲመጣ በኃይል ነው የሚፈሰው፤ ልጁ ጉልጭ፣ ጉልጭ እያደረገ ሊቀድመው አይችልም። ወደ ኋላ ጋደም ብላ ልጁን ደረቷ ላይ አድርጋ እንድታጠባው፣ በመሃል እያሳረፈች እንድታስገሳው፣ ከጠባ በኋላም ለግማሽ ሰዓት ያህል ቀጥ አድርገን እንድንይዘው አሳየችን። ይህች ትንሽ ለውጥ ብቻዋን ቅርሻቱን እንዴት እንደ ቀነሰችው ያየ ያውቃል።

ወደ ቤት ስንመለስ ጠያቂው ጎረፈ። ሁሉም በፍቅር ነው የመጣው፤ ምክሩ ግን ልጁን ሊጎዳው የሚችል ነበር። አንዷ አንጀቱ እንዲርስ ለጋ ቅቤ አውጡት አለች። ሌላዋ እንጥሉ ወርዶ ነው፣ የሚቆርጥ ሰው አውቃለሁ አለች። የአብሽ ውኃ ያለም፣ ከፋርማሲ የሚገዛውን የሆድ ሽሮፕ ያለም ነበር። ይህን ስጽፍ ማንንም ለማሳፈር አይደለም፤ እነዚህ ሴቶች በዚያ ሌሊት ደረጃው ላይ አብረውን ያለቀሱ ናቸው። ነገር ግን ቅቤ ወደ ሳንባ ከገባ ከባድ የሳንባ ሕመም ያመጣል፤ ትን የሚለው ልጅ ላይ ደግሞ የመግባቱ ዕድል ይበረታል። እንጥል መቁረጥ ደም ማፍሰስና መመረዝ እንጂ ያለው ጥቅም የለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 561 እና 562 ጨቅላን ቅቤ በማዋጥ፣ እንጥል በመቁረጥ ወይም የወተት ጥርስ በማውጣት ሞት ወይም ጉዳት ያደረሰን ሰው የሚቀጣው በከንቱ አይደለም። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ መባሉም እንዲሁ።

ከሁሉም የከበደን የአማቴ ጥያቄ ነበር። «በጀርባው ተኝቶ አይደል ያነቀው? በሆዱ ይተኛ እንጂ!» ልጆቻቸውን ሁሉ በሆዳቸው አስተኝተው አሳድገዋል፤ ጥያቄያቸውም ሲያዩት ልክ ይመስላል። ባለቤቴና እናቷ ተኮራረፉ። በሦስት ትውልድ መካከል ቆሜ የማንን ልያዝ? ለሲስተር ነገርኳቸውና ቡና ሊጠጡ መጥተው ጉዳዩን በአንድ ማብራሪያ ፈቱት። ልጅ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቱቦው ከላይ፣ የምግብ ቱቦው ከታች ነው፤ የተመለሰው ወተት ወደ አየር ቱቦው ለመግባት ሽቅብ መውጣት አለበት። በሆዱ ሲተኛ ግን ቦታው ይገለበጣል፤ ወተቱ ቁልቁል ይሄዳል። አማቴ እጃቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው ነገሩን ሲያሰላስሉ ቆዩና «እንዲያስ ከሆነ በጀርባው ይተኛ» አሉ። አሜሪካ ውስጥ ልጆችን በጀርባ የማስተኛት ዘመቻ የተጀመረው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው፤ በተከታዮቹ ዓመታት በእንቅልፍ ላይ ድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ገደማ ወርዷል። የሚያቀረሽ ልጅም ከዚህ ውጭ አይደለም።

በዚያው ቀን ሲስተር የተጠቀለለ ፎጣ እንደ ሕፃን ይዘው ለመላው ደረጃችን አስተማሩ። ተማሪውም ነበር፤ ዘበኛው እንኳ ወጥቶ አየ። ልጅ እየሳለ ወይም እያለቀሰ ከሆነ አየር እየገባው ነውና አትምቱት፤ በጎኑ አድርጋችሁ፣ አፉ አካባቢ ያለውን ጥረጉ፤ ሳሉ ራሱ ያወጣዋል። ድምፅ ከሌለውና ከጠቆረ ግን በደረቱ አጋድሞ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ጀርባውን አምስት ጊዜ መምታት። ካልለቀቀ በጀርባው ገልብጦ፣ ራሱ እንደ ዘቀዘቀ፣ ደረቱን መሃል ላይ ከጡቶቹ መስመር ዝቅ ብሎ አምስት ጊዜ መጫን። እስኪለቅ ማፈራረቅ። በዓይን ያላዩትን ነገር በጣት አለመፈለግ፤ ወደ ውስጥ ይገፋዋልና። ዶክተር ሄንሪ ሄይምሊክ በ1974 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ሆድን የመጫን ዘዴ ለትልልቆች ነው፤ ዓመት ላልሞላው ልጅ አይደረግም፤ ጉበቱን ይጎዳል። ልጁ ከተዝለፈለፈና መተንፈስ ካቆመ ሠላሳ ጊዜ ደረቱን እየተጫኑ ሁለት ጊዜ እስትንፋስ መስጠት፤ ሌላ ሰው ደግሞ እርዳታ ይጥራ።

ፍርሃቱ ቶሎ አልለቀቀንም። ከባለቤቴ ጋር ተራ ገብተን ትንፋሹን ስናዳምጥ አደርን፤ መብራት በጠፋ ቁጥር እጃችን ወደ አፍንጫው ይሄዳል። እሷ ለብዙ ሳምንት ባጠባችው ቁጥር ታለቅስ ነበር። አባቶች ይህን ልብ እንበል፤ አራስ እንዲህ ስትሆን «አለፈ፣ ምን ታካብጃለሽ» ማለት ግፍ ነው። ልጁን ተቀብሎ እሷን ማስተኛት ይበልጣል። እንቅልፍ ካጣችና ፍርሃቱ ካልለቀቃት ደግሞ ይህንንም ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል።

ልጃችን ክርስትና ተነስቷል፤ ዛሬ ይድሃል፤ ማቅረሹንም እየተወው ነው። እኔን ዕረፍት የሚነሳኝ ሌላ ነው። ባለቤቴ የእርግዝና ክትትሏን ሳታቋርጥ በጤና ተቋም ወለደች፤ ስለ ክትባት፣ ስለ ጡት፣ ስለ እትብት ተነግሯታል፤ ልጁ ትን ቢለው ምን እንደምታደርግ ግን ያሳያት አልነበረም። እኛን ያተረፈን ከሁለት ፎቅ በታች አንዲት ጡረተኛ አዋላጅ መኖራቸው ነው። ሲስተር የሌሉበት ደረጃስ? ለማሳየት ጥቂት ደቂቃና አንድ ፎጣ ይበቃል። እናት ከወለደችበት ሳትወጣ፣ ያ ካለፈ ደግሞ ሁሉም ልጁን አቅፎ በሚሰለፍበት በ45 ቀኑ ክትባት ላይ ይታይ። ነርሶች ሆይ፣ ይህን አሳዩን። ወላጆችም ሳይነገራችሁ ጠይቁ፤ አያትና ሞግዚትም አብረው ይዩ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ በጨለማም ቢሆን ከአእምሯችሁ እንዳይጠፋ አጥኑት።