ተሳተፍ ተብለሃል፤ ተቀመጥ

የሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወጣት ሆይ፣ እንኳን ደስ ያለህ! በአገርህ ፖለቲካ እንድትሳተፍ ተፈልገሃል። ጠዋት 2፡30 አዳራሽ ተገኝ። ቲሸርትና ኮፍያ አለ፤ ልኩ ለማንም አይሆንም፣ ፎቶ ላይ ግን ያምራል።

አንተ አገር ተረካቢ ነህ። መቼ እንደምትረከብ ግን አትጠይቅ። በ1996 የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው፤ በመድረኩ ስለ አንተ የሚናገሩልህ ሰው 29ን ያለፉት አንተ ሳትወለድ ነው። ምን ይደረግ፣ ወጣትነት የልብ ነው።

ንግግሩ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ከዚያ «ሰዓት ስለሄደብን ሦስት ሰው ብቻ» ይባላል፤ ሦስቱ ደግሞ ከትናንት ማታ ጀምሮ ይታወቃሉ። አራተኛ ሆነህ እጅህን አውጥተህ፣ በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ነዋሪው ምን ያህል ተጠየቀ ካልክ፣ ከአጀንዳ ውጭ ነህ። አትከፋ፣ ሐሳብህ በግብዓትነት ይወሰዳል። በመጨረሻ «እኛ የዚህ መድረክ ተሳታፊ ወጣቶች» የሚል ባለ ዘጠኝ ነጥብ የአቋም መግለጫ ይነበባል፤ የታተመው ግን መድረኩ ሳይከፈት ነው። አጨብጭብ፤ ተሳተፍክ ማለት ነው።

ድልድዩ የተሰየመላቸው ፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በልጅነታቸው በጦርነት የተማረኩ ነበሩ። በ1900 ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። ያለ አንድ ቀን የአቅም ግንባታ ሥልጠና፣ ያለ ወረዳ የድጋፍ ደብዳቤ! በዛሬ ደንብ ቢሆን አዳራሹ በር ላይ ስማቸው ከዝርዝሩ ይጠፋ ነበር።

እናትህ «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» ብትልህ አትቆጣት፤ የምታስታውሰው ነገር አላት። የአዲስ አበባ ሰው ከምሩ የተሳተፈበት ጊዜ ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1997 ፀሐይ ላይ ተሰልፎ መረጠ፤ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫ 137ቱን ለተቃዋሚው ቅንጅት ሰጠ። ተሳትፎው ትንሽ በዛ መሰለኝ። በተከታዮቹ ወራት በምርጫው ውጤት ላይ በተነሳው ውዝግብ፣ መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን እንደቆጠረው፣ 193 ሲቪሎች ተገደሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ታሰሩ። በ2000 ምርጫ ያው ከተማ፣ ያው 138 መቀመጫ፣ አሁን 137ቱ የገዢው ግንባር የኢሕአዴግ! ሕዝብ እንዲህ በሦስት ዓመት ልቡን ሲቀይር የት ታይቷል? በ2007 ደግሞ 547ቱም የፓርላማ ወንበሮች ለገዢው ግንባርና ለአጋሮቹ ሆኑና መቁጠሩም ቀለለ።

ይህን ሁሉ እየሰማህ አድገህ ከስብሰባው ብትቀር «የወጣቱ የፖለቲካ ግንዛቤ አናሳ ነው» ይባላል። መፍትሔውም ዝግጁ ነው፦ ሌላ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ፣ ሌላ ቲሸርት፣ ሌላ ውሎ አበል።

አዘጋጆች ሆይ፣ እስቲ አንድ ቅዳሜ ጥሪውንም አጀንዳውንም ለወጣቶቹ ተዉላቸው። እናንተ ከኋላ ወንበር ቁጭ ብላችሁ ተሳተፉ። ሦስት ጥያቄ ይፈቀድላችኋል።