ጥቁሩን ፍለጋ

የአባቴ ፎቶግራፍ በሳሎናችን ግድግዳ ላይ ከእኔ ዕድሜ በላይ ቆይቷል። ገና ወጣት ሳለ ፒያሳ ከነበሩት ፎቶ ቤቶች በአንዱ የተነሳው ነው። ጋቢውን ደርቦ፣ ፊቱን ወደ ብርሃኑ መለስ አድርጎ ተቀምጧል። ከኋላው ያለው ጥቁር ጥልቅ ነው፤ ጸጉሩ ግን በጥቁሩ አልተዋጠም። ጋቢው ነጭ ነው፤ እጥፋቱ ግን አንድ በአንድ ይቆጠራል። እናቴ ባረፈች በዓመቷ ትልቋ አክስቴ ‹‹የእሷም ከጎኑ ይሰቀል፤ አብረው የተነሱ ይምሰሉ›› ብለው አዘዙ። ከቤተሰቡ ካሜራ የምይዘው እኔ ነኝና ሥራው ለእኔ ደረሰ።

ከእናቴ ፎቶዎች ሁሉ የምንወደው በስልክ የተነሳ ነው። በገና ዕለት በረንዳ ላይ፣ ጥለቱ ቀይና አረንጓዴ የሆነ ነጠላ ለብሳ። የእህቴ ልጅ ‹‹ይሄማ አንድ ቁልፍ መንካት ነው›› አለና ቀለሙን አጠፋው። ከቀለሙ ጋር ጥለቱም ጠፋ። ቀዩና አረንጓዴው ድምቀታቸው ተቀራራቢ ስለነበር ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኑ። የእናቴም ፊት አመድ መሰለ። ልጁ በዚህ አላበቃም፤ ፎቶን የድሮ የሚያስመስል መተግበሪያ ከፈተና ጭረት፣ ነጠብጣብና ቡናማ ቀለም ጨመረበት። አክስቴ መነጽራቸውን አድርገው አዩትና ‹‹ማነው የጫራት?›› አሉ። ቀጥለውም ወደ አባቴ ፎቶ እየጠቆሙ ‹‹እሱ ላይ ጭረት አለ?›› ብለው ጠየቁን።

አንድም ጭረት የለበትም። አንድ ፎቶ ከጨለማ ክፍል በወጣ ዕለት አዲስ ነው፤ ጭረቱን የሚያመጡበት ዕድሜና ያያያዝ ጉድለት ናቸው። ቡናማውም ቢሆን ብዙ ጊዜ የእርጅና ቀለም አይደለም። ፎቶ አጣቢው፣ ምስሉ እንዲበረክት ብሎ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ብር በኬሚካል ወደ ብር ሰልፋይድ ሲቀይረው የሚመጣ ነው። እኛ የምንፈልገው ግን የአባቴን ጥቁርና የአባቴን ነጭ ነበር።

ሰፈራችን ውስጥ፣ ድሮ በፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ይሠሩ የነበሩ አንድ አዛውንት አሉ። ፎቶውን ከነፍሬሙ አቅፌ ሄድኩ። ጋሼ ወደ መስኮቱ አዘንብለው ብዙ አዩትና ‹‹ይሄን ያጠበው ሰውዬ አልቸኮለም›› አሉኝ። ከዚያ ሥራውን ያወጉኝ ጀመሩ። ቀይ መብራት ወረቀቱን ስለማይነካው በእሱ ብርሃን ይሠራሉ። ኔጌቲቩን ማጉያው ላይ ያስገቡና መጀመሪያ በቁራጭ ወረቀት ይሞክራሉ። ብርሃን የበዛበት ቦታ ወረቀቱ ላይ ይጠቁራል፤ ስለዚህ ፊት እንዳይጠቁር ብርሃኑን በእጃቸው ይከልላሉ። ጋቢው ዝርዝሩን እንዲያወጣ ደግሞ በመዳፎቻቸው መካከል ቀዳዳ አበጅተው ብርሃን ይጨምሩለታል። የቡና ቆይ እጅ እንደማያርፍ የአጣቢም እጅ ማረፍ የለበትም፤ ካረፈ የተከለለው ቦታ ጠርዝ ፎቶው ላይ ይቀራል። ‹‹እዚህ ጋ እጁን አየኸው?›› አሉኝ የአባቴን ጉንጭ እያሳዩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁትን ፎቶ ያን ዕለት እንደገና አየሁት።

ይህ የእጅ ሥራ የትም ያለ ነው። አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ አንሰል አዳምስ በ1941 እ.ኤ.አ. በኒው ሜክሲኮ፣ ሄርናንዴዝ በምትባል መንደር ላይ ጨረቃ ወጥታ ሳለ ፎቶ አነሳ። በመጀመሪያዎቹ ኅትመቶች ሰማዩ ላይ ደመና ይታያል፤ ዓመታት በሄዱ ቁጥር ግን ሰማዩን እያጠቆረው ሄዶ፣ በኋለኞቹ ላይ ጥቁር ሊባል ደረሰ። ኔጌቲቩ ያው አንዱ ነው። በእኛም አገር ከምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ከቤድሮስ ቦያጂያን ጀምሮ፣ በልጆቹ በሃይጋዝና በቶኒ በኩል ያለፈው የነገሥታት ምስል ሁሉ ሁለት ጊዜ የተሠራ ነው፤ አንድ ጊዜ በካሜራው ፊት፣ አንድ ጊዜ በጨለማው ውስጥ።

ከጋሼ ዘንድ ተመልሼ ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ የምፈልገውን አውቄ ነበር። ባለቀለሙ ፎቶ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ የተሠራ ስለሆነ ጥቁርና ነጩ ከየትኛው ምን ያህል እንደሚወስድ መወሰን ይቻላል። የእኛ የጠይም ሰዎች ቆዳ ቀይ ብርሃንን አብዝቶ ይመልሳል፤ ከቀዩ ብዙ ከተወሰደ ፊት ይፈካል፣ ግን ለስልሶ መስመሩን ያጣል። ከአረንጓዴው ሲወሰድ የፊት መስመር ይመለሳል። እናቴን ያለ ግንባሯ መስመር የሚያውቃት የለምና ወደ አረንጓዴው አደላሁ። ያኔ ቀዩ ጥለት ጠቆር፣ አረንጓዴው ፈካ ብሎ ተለያዩ።

ቀጥሎ ኮንትራስቱ፣ ማለትም የጥቁሩና የነጩ ልዩነት፣ መጣ። ኸርተርና ድሪፊልድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እንግሊዝ ውስጥ በ1890 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የፎቶ ፕሌት ለብርሃን የሚሰጠው ምላሽ ሁለት ጫፉ የሚለዝብ ኩርባ መሆኑን አሳይተዋል። የዲጂታል ካሜራ ነጭ ግን ሲያልቅ በአንድ ጊዜ ያልቃል። ስለዚህ ኩርባውን በእጄ ሠራሁ፤ የነጠላው ነጭ ቀስ እያለ ወደ ወረቀቱ ነጭ እንዲሄድ፣ ጥላውም ቀስ እያለ ወደ ጥቁሩ እንዲወርድ። ፊቷን ፈካ፣ ማዕዘኖቹን ጠቆር አደረግሁ። የድሮ ፊልም ላይ የሚታየውን ቅንጣት የጨመርኩት መጨረሻ ላይ፣ ፎቶው በሚታተምበት መጠን ከሆነ በኋላ ነው። ቅንጣቱ ጎልቶ የሚታየው መካከለኛው ግራጫ ላይ ነው፤ ድፍኑ ጥቁርና ንጹሑ ነጭ ላይ እምብዛም አይታይም።

መከራው የጀመረው ሲታተም ነው። አንዱ ማተሚያ ቤት ማሽኑ በራሱ ‹‹አስተካክሎት›› ጥቁሩ ግራጫ ሆኖ ወጣ፤ የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ‹‹ጨልሞ ነበር፣ አደመቅኩልህ›› አለኝ። በሌላ ጊዜ ማሽኑ ግማሹን እንዳተመ መብራት ሄደና ከእናቴ ጸጉርና ግንባር በታች ባዶ ወረቀት ቀረ። ሌላው በቀለም ማሽን አትሞልኝ፣ እዚያ በቤቱ መብራት ጥቁርና ነጭ የነበረው ፎቶ እኛ ቤት መስኮት አጠገብ ሲደርስ አረንጓዴ ሆነ። ግራጫው ከሦስት ቀለማት ድብልቅ የተሠራ ስለሆነ መብራቱ ሲለወጥ መልኩን ይለውጣል። በመጨረሻ አንድ ደህና ተገኘ ስንል፣ ሠራተኛው ለደግነት ብሎ፣ ሳይጠይቀኝ፣ በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ላሚኔት አድርጎት ጠበቀኝ። ወረቀቱ ያለው ውበት ሁሉ ከፕላስቲኩ ሥር ገባ።

የድሮው ወረቀት ከብሩ ሥር የባሪየም ሰልፌት ንጣፍ ነበረው፤ ያ ነጭነትና ያ ጥልቀት ከእሱም የመጣ ነው። ኮዳክ የጥቁርና ነጭ ወረቀት ሥራውን በ2005 እ.ኤ.አ. እንደሚያቆም አስታወቀ፤ ሆኖም ያንኑ ንጣፍ የያዘ የኢንክጄት ወረቀት ዛሬ ይሠራል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ በሰው እጅ ላከልኝ። ጥቁርና የተለያየ ግራጫ ቀለም ለየብቻ የሚይዝ ማተሚያ ካለው ባለሙያ ጋር ቁጭ ብዬ አሳተምኩ። አክስቴ ፎቶውን ከአባቴ ጎን ይዘው ‹‹አሁን ተገናኙ›› አሉ። ከዚያ ወዲያ የማንንም ምስክርነት አልፈለግሁም።

የድሮውን ፎቶ መልክ የምትሹ ወዳጆቼ፣ ከመተግበሪያው በፊት አንድ እውነተኛ የጨለማ ክፍል ፎቶ ከግድግዳ አውርዳችሁ በቀን ብርሃን እዩ። ነጩ የት እንደሚያልቅ፣ ጥቁሩ የት እንደሚጀምር፣ የአጣቢው እጅ የት እንዳለፈ ፈልጉ። በየሰፈራችሁ ያሉትን የድሮ ፎቶ አጣቢዎች ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ የሚያውቁት ሁሉ በመጽሐፍ አልተጻፈም። ኔጌቲቭ ያላችሁ አትጣሉ፤ በወረቀት ፖስታ አድርጋችሁ እርጥበት በሌለበት አስቀምጡ። ስልካችሁ ውስጥ ካለው ሁሉ ደግሞ ቢያንስ የእናታችሁን ፎቶ በጥሩ ወረቀት አሳትሙ፤ ከጀርባውም ስሟንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉበት።