ከተሰፋ በኋላ የሚመጣ ምክር

ልብስ ልንገዛ ስንወጣ ሰው አስከትለን የምንሄደው ወደን አይደለም። አብዛኛው ሱቅ ሒሳብ መቀበያው አጠገብ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ለጥፏል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው «ይለወጥልኝ» ወይም «ገንዘቤ ይመለስልኝ» እንዲል ይፈቅዳል፤ «ቤት ሄጄ ሳየው አስጠላኝ» ግን በየትኛውም አዋጅ ጉድለት አይባልም። ስለዚህ ብሩ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት አንድ የታመነ ዓይን ያስፈልጋል። እህት፣ ጓደኛ፣ ሚስት ወይም የአክስት ልጅ ይዘን እንሄዳለን። ያ ይዘነው የሄድነው ዓይን ግን እዚያ ሲደርስ ሥራ ያቆማል። እሮሮዬ ይኸው ነው።

ለነገሩ ጠያቂውም አያሠራም። ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ ብላ «እስቲ እዪኝ፣ እውነቱን ንገሪኝ» የምትል ሴት ፊቷ ፈክቷል፣ ዋጋ ተከራክራ ጨርሳለች፣ የሚሄድለትን ጫማ በልቧ መርጣለች። «እጅጌው ትንሽ ረዘመ» ብትያት «ይታጠፋላ!» ትላለች። «ቀለሙ ግን…» ስትጀምሪ «የዘንድሮ ቀለም እኮ ነው» ብላ ታቋርጥሻለች። ሦስተኛ ነገር ከጨመርሽ «በቃ ተይው፣ አልገዛም» ትልና እስከ ታክሲ ተራ ድረስ ኩርፊያ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ምን እንደምትያት አንቺም ታውቂያለሽ፤ «ውይ ሲያምርብሽ!» ወንዶቹ ደግሞ ነገሩን አሳጥረውታል። አንዱ «ያስኬዳል?» ይላል፣ ሌላው ከስልኩ ቀና ሳይል «ያስኬዳል» ይላል። የትከሻው ስፌት ክንድ ላይ ወርዶ ተንጠልጥሎም ያስኬዳል።

በዚህ መሃል ሻጩ መልስ አያጣም። ከጠበበ «ሲለበስ ይለቃል»፣ ከሰፋ «ሲታጠብ ይገባል»፣ ካጠረ «ፋሽኑ እሱ ነው»፣ ከረዘመ «በሂል ጫማ ይለበሳል»። ጨርቁን ከጠረጠርክ «የቱርክ ነው» ይልሃል፤ አንገቱ ላይ የተሰፋው ምልክት ሌላ አገር ቢልም። የሱሪውን ወገብ አንገትህ ላይ ጠምጥሞ «ልክህ ነው፣ መሞከርም አያስፈልግም» ብሎ ይፈርዳል። ልሞክር ብትለው ወደ ኋላ ጋደል ብሎ የቆመው መስታወት አጭሩንም መለሎ አድርጎ ያሳይሃል። ሻጩን አልወቅሰውም፤ እንጀራው ነው። የሚያናድደኝ ምንም ኮሚሽን የማይቆረጥለት የገዛ ወዳጄ ከጎኔ ቆሞ «እውነቱን ነው፣ ይለቃል» ማለቱ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ አስተያየት መስጠት ሲጀምር ልብሱን ትቶ ለባሹን ያያል። የተጠየቀው ስለ ወገቡ ስፌት ነው፤ መልሱ «ወፍረሻል እንዴ?» ነው። ስለ ቀለሙ ስትጠይቂ «ጠቁረሻል መሰለኝ፣ ምነው፣ ደህና አይደለሽም?» ይመጣል። ስለ ርዝመቱ ስትጠይቂ «ባልሽ ምን ይላል?» ትባያለሽ። ሁሉንም ያዳረሰው ደግሞ «መርካቶ በግማሽ ዋጋ አይቼዋለሁ» ይላል፤ የት ሱቅ እንደሆነ ግን አያስታውስም። ዕድሜሽ፣ ኪሎሽ፣ ትዳርሽና ኪስሽ ተገምግሞ ሲያበቃ ስለ ስፌቱ የተነፈሰ የለም። አንዳንዴ መስታወቱን ወረፋ የምትጠብቅ የማታውቂያት ሴት «እህቴ፣ ከኋላ ይሸበሸብብሻል» ትላለች። በዚያ ሱቅ የተነገረው ቁም ነገር ያ ብቻ ነው፤ ሻጩም ጓደኛሽም የሚገላምጡት እሷን ነው።

ነገሩ የሚብሰው ሽሮ ሜዳ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ባሉት በእነዚያ ሱቆች በዓል ሲቃረብ መተላለፊያ አይገኝም፤ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚል ሕዝብ ለልብስ ቸልተኛ ሊሆን አይችልም። የሀበሻ ቀሚስ ማሰፋት ደግሞ ከሌላው ልብስ ይለያል። ስትመርጪ ቀሚሱ ገና የለም፤ ያለው ትከሻሽ ላይ ጣል የተደረገ ጨርቅና በሐሳብ የሚሳል ነገር ነው። ምክር የሚጠቅመው እንግዲህ ያኔ ነው። ወገቡ ከሰፋ ይጠባል፤ ልብስ ሰፊው ትርፍ ጨርቅ ከተወ የጠበበውም ይለቀቃል። ጥበቡ ግን ሸማኔው ከድርና ማጉ ጋር አብሮ የሠራው ነው፤ ቀለሙ ካላማረሽ ነቅለሽ አትጥዪውም። ታዲያ በዚያ ሰዓት አብራሽ የሄደችው «ሁሉም ያምራል» ትላለች። እግሯ ዝሏል፣ ማኪያቶ አምሯታል፣ እንዲያልቅላት ትፈልጋለች።

ቀሚሱ ተሰፍቶ፣ ተከፍሎበት፣ በዓሉ ደርሶ ለብሰሽ ስትወጪ ያቺው ሴት ከራስ እስከ እግርሽ አይታ «ጥበቡ ትንሽ ደመቅ ቢል ኖሮ!» ትላለች። ሌላዋ ትቀበልና «ወርቃማው ይሻልሽ ነበር» ትላለች። ሦስተኛዋ «እኔ እኮ ያኔም ልቤ አልወደደውም ነበር» ብላ ትጨርስልሻለች። ያኔ ልብሽ ያልወደደውን አፍሽ ምነው ደበቀ? ቀብድ ሳይከፈል አንድ ቃል ብትናገሪ ምን ነበረበት?

ከባሕር ማዶ ዘመድ ያላት ደግሞ ፈተናዋ እጥፍ ነው። ከዋሽንግተን ይደወላል፤ «ቁመታችን አንድ ነው፣ ለብሰሽ በቪዲዮ አሳዪኝ»። ይህች ምስኪን ለማትገኝበት ሰርግ፣ ለሌላ ሴት ደረት የሚሆን ቀሚስ ለብሳ ሱቅ መሃል ስትሽከረከር ትውላለች። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ቀዩ በስልኩ ብርቱካናማ ሆኖ ይታያል፣ «ትንሽ ራቅ በይ፣ አሁን ዙሪ» ይባላል። ቀሚሱ በተጓዥ ሻንጣ ደርሶ ሲለበስ «ደረቴ ላይ ጠበበኝ፣ ምነው አልነገርሽኝም?» የሚል መልእክት ይመጣል። በማን ደረት ለክታ ትንገራት?

ዝምታው ከየት እንደመጣ አላጣሁትም። «አትግዢው» ብዬ ሌላ ካላገኘች ጥፋቱ የእኔ ነው። «ግዢው» ብዬ ቤት ስትገባ ካስጠላት «አንቺ ነሽ ያስገዛሽኝ» እየተባልኩ ቀሚሱ እስኪያልቅ እወቀስበታለሁ። በዚህ ላይ ይሉኝታው አለ። ስለዚህ ብልጡ ሰው በመስታወቱ ፊት ያድበሰብስና ዕውቀቱን ማንም ለማይጠይቅበት ቀን ያስቀምጣል። ከበዓሉ በኋላ የሚተች ሰው በምንም አይጠየቅማ።

እንግዲህ ከሰለቸ ሰው የሚወጣ ሐሳብ ይኸውላችሁ። ጠያቂዎች፣ «አማረብኝ?» ማለቱን ተዉት፤ መልሱን ራሳችሁ ይዛችሁ ነው የመጣችሁት። «ትከሻው ተቀምጧል? ስቀመጥ ይሳባል? ከኋላዬ እይልኝ» በሉ፤ እንዲህ ለተጠየቀ ሰው መዋሸት ይከብደዋል። ተጠያቂዎችም ኪሎውን ትታችሁ ስፌቱን እዩ፤ የምታዩትንም ሊስተካከል በሚችልበት ሰዓት ተናገሩ። ብሩ ከተቆጠረ በኋላ የሚፈቀደው ቃል «በጤና ልበሺው» ብቻ ይሁን። ከዚያ ወዲያ «ወርቃማው ይሻል ነበር» ያለ ሰው ካለ፣ ሱቁ እዚያው ሽሮ ሜዳ ነው፤ ሄዶ ወርቃማውን ይግዛላት።