ሰዓቱን ንገረው!

«ዘንድሮ ይችላል!»
ኮች፣ ስለዚህ ሯጭህ አምናም ይችላል ብለህ ነበር። ዘንድሮ በስንት ገባ?

«ተሰጥኦ አለው፤ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው።»
ጊዜውንማ የሚከፍለው እሱ ነው። ደሞዙን የምትቀበለው አንተ ነህ።

«ከፍታው ነው ያዘገየው።»
ከፍታ ያዘገያል፣ እውነት ነው። ጓደኛውም ግን እዚያው ሱሉልታ ላይ፣ ያንኑ ስስ አየር እየሳበ ነው የሚሮጠው፤ እሱ ደርቦታል።

ለፓሪስ ኦሊምፒክ በወንዶች 10 ሺህ ሜትር የተጠየቀው ሚኒማ 27 ደቂቃ ነበር። 25 ዙር ነው፤ ለአንዱ ዙር 64.8 ሰከንድ ይደርሰዋል። ልጁ አንዱን ዙር በ76 እየዞረ ነው። ከ15ኛው ዙር በኋላ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ ክንዱ ደረቱን ያቋርጣል። አሰልጣኙ ሰዓቱን አየት ያደርግና ኪሱ ከትቶ «ጎበዝ!» ይለዋል። ጎበዝነቱን ማን ጠየቀ? ሰዓቱን ንገረው!

«እውነቱን ብነግረው ሞራሉ ይወድቃል።»
በ19 ዓመቱ የወደቀ ሞራል ይነሳል። ትምህርቱን ከአስረኛ ክፍል አቋርጦ፣ ከአምስት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ለመሮጫ ጫማው ቤተሰቡ በሬ ሸጦ፣ በ28 ዓመቱ «በቃህ» የተባለ ሰው ነው መነሻ የሚያጣው። ደግሞስ እውነት ማለት «አትችልም» ብቻ ነው ያለው ማነው? «ፍጥነትህ ለትራክ አይበቃም፤ ጽናትህ ግን ለጎዳና ይሆናል፣ ርቀት እንቀይር» ማለትም እውነት ነው። ይህን በጊዜ የሰማ ልጅ ማራቶን ይሞክራል፣ አሯሯጭ ሆኖ እንጀራውን ይበላል፣ ወይም ክፍል ገብቶ ትምህርቱን ይቀጥላል።

«እኔማ አልሸፍንም፤ ፊት ለፊት 'ደደብ' ነው የምለው።»
እሱ ስድብ ነው። «እግርህ መሬት ላይ ይቆያል፣ ክንድህን ሰብስብ» ብትለው ነበር እውነቱን የነገርከው።

«አትሌት የሚወደው ለስላሳ አሰልጣኝ ነው።»
ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ለስላሳ አልነበሩም። ኃይሌ በአትላንታ፣ ቀነኒሳ በአቴና የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያጠለቁት እሳቸው ባሰለጠኑት ብሔራዊ ቡድን ውስጥ ነው።

«ዕድሜውን ትንሽ ብንቀንስለትስ?»
ወረቀቱ ላይ ቀነስክለት፤ ጉልበቱ ላይ ማን ይቀንስለታል?

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»
እስኪጠራ የሯጭ ዕድሜ ይመሻል።

አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ዝም ብላችሁ አትሩጡ። ልምምድ ሲያልቅ ጠጋ ብላችሁ «ኮች፣ በዚህ ሰዓት የትኛው ክለብ ይቀበለኛል?» በሉት። «ቆይ፣ ይደረስበታል» ካላችሁ ሌላ አሰልጣኝ ፈልጉ።