ተምሮ የተመለሰ ሰው፦ ጠባዩና አያያዙ

ከውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ሰው ማለት አገሩ ሳለ ውጭ አገርን፣ ውጭ አገር ሳለ አገሩን ሲናፍቅ ኖሮ፣ አሁን ደግሞ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ የሚናፍቅ ሰው ነው። በየትኛውም አገር ይገኛል፤ በብዛት የሚታየው ግን ልጅን ባሕር ማዶ ልኮ ማስተማር የቤተሰብ ማዕረግ በሆነባቸው ሰፈሮች ነው። ከእነዚህም አንዱ የካርቱሙ አል-ማንሺያ ነው።

አል-ማንሺያ በካርቱም ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በጥቁር ዓባይ ዳር የተቀመጠ የባለጸጎችና የምሁራን ሰፈር ነው። በስሙ የሚጠራው ድልድይ ከወንዙ ማዶ ካለው ምሥራቅ ዓባይ ከሚባለው ክፍል ጋር ያገናኘዋል። ከጣና የወጣው ውኃ የጎጃምን ገደል ዞሮ፣ የሱዳንን ሜዳ አቋርጦ፣ ከነጭ ዓባይ ጋር ሊገናኝ ጥቂት ሲቀረው በዚህ ሰፈር ጎን ያልፋል። ውኃው አይመለስም። የሰፈሩ ልጆች ግን ይመለሳሉ፤ ጣጣውም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሱዳናውያን ከተመላሽ ብዙ የሚጠብቁት ያለ ምክንያት አይደለም። እንግሊዞች በ1902 እ.ኤ.አ. ካርቱም ላይ የጎርደንን ኮሌጅ ከከፈቱ በኋላ፣ ከዚያ ከወጡት ጥቂቶቹ ወደ ቤይሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ይላኩ ነበር። ከቤይሩት ተምረው ከተመለሱት አንዱ የሒሳብ መምህሩ ኢስማኢል አል-አዝሃሪ ናቸው። በ1938 የተመሠረተው የምሩቃን ጉባኤ ዋና ጸሐፊ ሆኑ፤ በ1954 የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር፤ በ1956 መባቻም የነጻነት ባንዲራ ሰቀሉ። እንግዲህ አንድ የሒሳብ መምህር ተመልሶ አገር ነጻ ካወጣ፣ ከእሱ በኋላ የመጣ ዶክተር ቢያንስ ቢያንስ ለአክስቱ ልጅ ሥራ ማስገኘት አያቅተውም ብሎ ዘመድ ቢያስብ የሚፈረድበት አይደለም።

የተመላሹ ስሜት መደበላለቅ የሚጀምረው ሳይመለስ ነው። ለንደን ወይም ኳላ ላምፑር በገባበት ዓመት የካርቱምን አቧራ በመገላገሉ ይደሰታል። በሁለተኛው ዓመት አቧራውን ይረሳዋል። በሦስተኛው ዓመት አቧራው መልካም መዓዛ እንደነበረው ያስታውሳል። ካርቱም ሳለ ፉል ይበላ የነበረው ቁርስ ስለሆነ ብቻ ነው፤ ባሕር ማዶ ግን ለክፍል ጓደኞቹ ስለ ፉል ንግግር ያደርጋል፤ ኪስራ ስለሚባለው ቂጣ አጋገርና ስለ ከርከዴ ጥቅም ያስረዳል። እናቱ ሦስት ጊዜ ስትጠራው ከአልጋው የማይነሣ የነበረው ልጅ፣ የአገሩ ሰው ለእንግዳ ስለሚነሣበት ፍጥነት ይመሰክራል። ቤተሰቡ በበኩሉ ልጁ ጥቁር ካባ ለብሶ የተነሣውን ፎቶግራፍ ሳሎን ይሰቅላል፤ ጎረቤት በመጣ ቁጥርም ያብራራል። እሱ የቤታቸውን ግቢ ፎቶግራፍ ይዞ፣ እነሱ የእሱን ፎቶግራፍ ይዘው ይጠባበቃሉ። የኋላው ቅሬታ ሁሉ የሚመነጨው ሁለቱም ባለፎቶዎች ሲገናኙ ከፎቷቸው ጋር አንመሳሰልም በማለታቸው ነው።

የመመለሻው ቀን የደስታው ጫፍ ነው። በግ ይታረዳል፤ ሱዳኖች ይህን ለደኅና መግባት የሚደረግ እርድ ከራማ ይሉታል። ዕጣን ይጨሳል፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ። አንዳንዱ ተመላሽ ደግሞ ዘመድ እንዲያውቀው ማስረጃ ይፈለግለታል። ለምሳሌ ኢትዮጵያዊው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ በሕፃንነታቸው በእንግሊዝ መኮንን ተወስደው ህንድ ያደጉ፣ ሕክምናም የተማሩ ናቸው። በጎልማሳነታቸው አዲስ አበባ ሲገቡ የልጅ ልጄ ነው ብለው የመሰከሩላቸው አያታቸው ነበሩ። አያትየው የለዩዋቸው በገላቸው ላይ በነበረው የልጅነት ጠባሳ እንጂ በሕክምና ዲፕሎማቸው አይደለም። ከዚያ ወዲህም ቤተሰብ ዲፕሎማን የሚያየው ከጠባሳ ቀጥሎ ነው።

ከእርዱ ቀጥሎ ሻንጣ ይከፈታል። አየር መንገድ የሚፈቅደው ኪሎ የተወሰነ ነው፤ ዘመድ ግን ወሰን የለውም። ሽቶ የደረሳት አክስት ስልክ የደረሳትን አክስት ታያለች፤ ሳሙና የደረሰው አጎት ሁለቱንም ያያል። መጽሐፍ ሞልቶ የመጣ ተመላሽ ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ ይታወቃል፤ ሻንጣው ከባድ፣ ዘመዱ ዝምተኛ ነው። ስጦታ በአግባቡ ለማደል የሚያስፈልገው ጥበብ ከማንኛውም የዶክትሬት ጥናት ይከብዳል። በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ ስለማይሰጥ ግን ተመላሹ ለዚህ ፈተና ሳይዘጋጅ ይቀርባል።

በማግስቱ የለቅሶ ዕዳ ይከፈላል። ተመላሹ ባልነበረባቸው ዓመታት የሞተው ሁሉ ይቆጠርለትና ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ሱዳን ውስጥ ሐዘንተኛው ፊት መዳፍን ዘርግቶ ፋቲሓ የሚባለውን ጸሎት ማድረስ ግዴታ ነው፤ ሰውየው ከሞተ አምስት ዓመት ቢሆነውም ለተመላሹ ትናንት እንደ ሞተ ይቆጠራል። በኢትዮጵያ ነገሩ ይብሳል። ባሕር ማዶ ላለ ልጅ መርዶ ስለሚደበቅ ደስ ብሎት የመጣው ሰው በማለዳ ተቀስቅሶ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በስልክ «ደኅና ናቸው፣ ትንሽ ጉንፋን ይዟቸው ነው» ሲባልላቸው የኖሩት አያቱ አፈር ከለበሱ መቆየታቸውን ይሰማል። ቀልድ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። ሰው ከአገሩ ሲርቅ ያመለጠውን ነገር መጠን የሚያውቀው በዚህ የለቅሶ ዙር ነውና፣ ከድግሱ ይልቅ ይህ ዙር ወደ ቤቱ ይመልሰዋል።

ቀጥሎ ጥያቄ ይመጣል። የሱዳኑ ደራሲ ጠይብ ሳሊህ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት «ወደ ሰሜን የፍልሰት ወቅት» በተባለው ልብ ወለድ፣ ባለታሪኩ እንግሊዝ ሰባት ዓመት ቆይቶ በዓባይ ዳር ወዳለች መንደሩ ሲመለስ የሰፈሩ ሰው ስለ ፈረንጅ አኗኗር ይጠይቀዋል፤ እዚያም ገበሬ አለ ወይ ይሉታል፤ ከጥቂት ልዩነት በቀር እንደ እኛው ናቸው ሲላቸውም ይገረማሉ። እሱ የመጣው ስለ አንድ እምብዛም ስለማይታወቅ እንግሊዛዊ ባለቅኔ ባጠናው ጥናት ዶክተር ተብሎ ነው፤ ስለ ባለቅኔው ግን የጠየቀው የለም። ለሁሉም ተመላሽ የሚደርሰው ዕጣ ይኸው ነው። ስለ አፈር ጥናት ዶክትሬት ይዞ የመጣን ሰው ባልቴቶች ጉልበታቸውን ያሳዩታል። በመጀመሪያው ሳምንት «እማማ፣ እኔ የአፈር ዶክተር ነኝ» እያለ ያስረዳል። በሦስተኛው ሳምንት «ቅባት ይቀቡበት፣ ከቅዝቃዜም ይጠንቀቁ» ማለት ይጀምራል። ያን ጊዜ ሰፈሩ ትምህርቱ እንደ ጠቀመው ያምናል።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ግን ልብ የሚነካው «ስንት ቀን ትቆያለህ?» የሚለው ነው። ለአንድ ወር የመጣ ሰው በደስታ ይመልሰዋል። ጠቅልሎ የመጣው ግን «ጠቅልዬ መጣሁ» ባለ ጊዜ ጠያቂው ፊቱ ይለወጣል፤ ምን አጥፍቶ ተባረረ የሚለው ሐሳብ በግልጽ ይነበብበታል። ሲሄድ በእንባ «ቶሎ ተመለስ» ያሉት ሰዎች፣ ቶሎ ሲመለስ በጥርጣሬ ያዩታል።

ሁለተኛው ወር የማነጻጸር ወር ነው። መብራት ሲጠፋ፣ ሰልፍ ሲጣስ፣ ለዘጠኝ ሰዓት የተቀጠረ ሰው ከመግሪብ ጸሎት በኋላ ሲመጣ ተመላሹ እዚያ ማዶ እንዴት እንደሚደረግ ይተርካል። ሀቡብ የሚባለው ቀይ የአቧራ ማዕበል ሰማዩን ሸፍኖ ሲመጣ፣ በሦስተኛው ዓመት መልካም መዓዛ ያወጣለት አቧራ መሆኑን ዘንግቶ ያማርራል። ባሕር ማዶ ሳለ ስለ አገሩ የተናገረውን ውዳሴና አገሩ ገብቶ ስለ ባሕር ማዶ የሚናገረውን ውዳሴ ያዳመጠ ሰው፣ ይህ ልጅ የሌለበትን ቦታ ሁሉ የሚወድ መሆኑን ይረዳል። ይህ ግን ከትምህርት የሚገኝ ሕመም እንጂ ክፋት አይደለም። አንድ መስፈሪያ ብቻ ያለው ሰው የሰፈረው ሁሉ ልክ ነው፤ ሁለት መስፈሪያ የያዘ ሰው ሁልጊዜ ጎደሎ ያያል።

የሥራው ምዕራፍ ረጅሙ ነው። ተመላሹ አገር ለመለወጥ መጥቶ መጀመሪያ ወንበር ይለምናል። የኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ ይህን ሰው ቀደም ብሎ መዝግቦታል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» ውስጥ፣ ፈረንሳይ ተምሮ የተመለሰው አወቀ ብዙ ጭቅጭቅ የሚገጥመው ከመንግሥት ሳይሆን ከዘመዶቹ፣ ያውም በአባቱ ተዝካር ምክንያት ነው። ለድግስ የሚባክነውን ገንዘብ ለበጎ ሥራ እናውለው ያለ ሰው፣ ጠላና ጠጅ ሊጠጣ ከመጣ ዘመድ ጋር ምን ዓይነት ውይይት እንደሚገጥም መገመት አያዳግትም። በእውኑ ዓለም ደግሞ ሩሲያ የተማሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ ለአገራቸው ሰው ቴአትር ምን እንደሆነ ለማሳየት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጻፉ። አውሬዎቹ ባለሥልጣን መስለው ታዩና ተውኔቱ ታገደ። ተመላሽ ያመጣውን ዕውቀት ሰው ሳይረዳው ይቀራል የሚለው ስሞታ ሁልጊዜ እውነት አይደለም፤ አንዳንዴ ችግር የሚመጣው ሰው ሲረዳው ነው።

የአል-ማንሺያ ስመ ጥሩ ተመላሽ ሐሰን አል-ቱራቢ ናቸው። በ1957 እ.ኤ.አ. ከለንደን የማስተርስ ዲግሪ፣ በ1964 ከፓሪሱ ሶርቦን የሕግ ዶክትሬት አገኙ። ጥናታቸው መንግሥታት በቀውስ ጊዜ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ሕግ ስለሚኖራቸው ልዩ ሥልጣን ነበር። በተመለሱበት ዓመት በካርቱም ዩኒቨርሲቲ የተቀሰቀሰው የጥቅምቱ አመፅ የጄኔራል አቡድን መንግሥት ሲጥል ስማቸው ገነነ። በ1989 ኦማር አል-በሺርን ወደ ሥልጣን ካመጣው መፈንቅለ መንግሥት ጀርባም እሳቸው ነበሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1999፣ አል-በሺር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጀው ቱራቢ በአፈ ጉባኤነት የሚመሩትን ምክር ቤት በተኑት። የካርቱም ሰው የሁለቱን ጠብ «ቤተ መንግሥቱና አል-ማንሺያ» ይለው ጀመር፤ ቱራቢ የሚኖሩት በዚሁ ሰፈር ነበርና። ተመላሾች የተማርነውን በተግባር የምናይበት ዕድል የለም እያሉ ያማርራሉ፤ ቱራቢ ግን ይህን ዕድል በሙላት አግኝተዋል።

የጋብቻው ነገር አጭር ነው። ወንድ ተመላሽ ሦስተኛ ሳምንቱን ሳይጨርስ እናቱ የሦስት ልጃገረዶችን ስም ታዘጋጃለች። ሴት ተመላሽ ዶክትሬት ይዛ ስትመጣ ዘመድ «እንኳን ደስ አለሽ» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ዕድሜዋን ያሰላል። እሷ ስለ ጥናቷ፣ እነሱ ስለ ሒና ቀኗ ያወራሉ፤ ሁለቱም ወገን መስማማታቸውን ተማምነው ይለያያሉ።

በዚሁ ሰፈር ሌላ ዓይነት ተመላሽም ይኖር ነበር። በአል-ማንሺያ ቤቶች ውስጥ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ምግብ ሲያበስሉ፣ ቤት ሲያጸዱ፣ ቡና ሲያፈሉ ቆይተዋል። ዶክተሩ ሳሎን ተቀምጦ ስለ ባሕር ማዶ ናፍቆቱ ሲተርክ ጀበናውን ይዛ የምትገባው ልጅ በናፍቆት ትምህርት ትበልጠዋለች፤ የምስክር ወረቀት አልተሰጣትም እንጂ። ጎንደር ወይም ሑመራ ስትመለስ ዘመድ «ምን ተማርሽ?» አይላትም፤ «ምን ያዝሽ?» ነው የሚላት። የሻንጣው ሕግ በእሷ ላይ ይጠናል።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ካርቱም ላይ የተነሣው ጦርነት ይህን ሁሉ ገለበጠው። የአል-ማንሺያ ሰዎች ወደ ካይሮ፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ወደ አዲስ አበባ ተበተኑ፤ አብረዋቸው የነበሩት ኢትዮጵያውያንም መተማን አቋርጠው የገቡ ብዙ ናቸው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሲያማርር የነበረው ዶክተር፣ ካይሮ ውስጥ መብራቱ ሳይጠፋ ባደረበት ቤት ተቀምጦ የካርቱምን ጨለማ ያመሰግናል። በመጋቢት 2025 የሱዳን ሠራዊት ካርቱምን መልሶ ከያዘ በኋላ መመለስ የጀመሩት ሰዎች ሻንጣቸው ቀላል ነው፤ የሚመረምረው ዘመድም በየአገሩ ተበትኗል።

በሰላሙ ጊዜ ለሚመለስ ሰው የሚደረገው አያያዝ ቀላል ነው። ስንት ቀን እንደሚቆይ አይጠየቅም። በቀን ሁለት ማነጻጸሪያ ቢፈቀድለት ጤናው ይጠበቃል፤ ጨርሶ ከተከለከለ ይታመቅና ባልታሰበ ሰዓት፣ ብዙ ጊዜም ሰርግ ላይ፣ ይፈነዳል። ስለ ጥናቱ አንድ ጊዜ፣ አንድ ሰው፣ እስከ መጨረሻው ሊያዳምጠው ይገባል፤ ለዚህም ብዙ ጊዜ አያት ትመረጣለች። ወንበርም በቶሎ ይሰጠው። መዳኑ የሚታወቀው ሀቡቡ ከሩቅ ሲታይ ምንም ሳይናገር መስኮቱን ዘግቶ፣ የተሰጣውን ልብስ ሰብስቦ፣ የጎረቤቱንም ጨምሮ ያስገባ ቀን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ማንም የሰፈሩ ነዋሪ ስለሆነ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ መሆኑ ያበቃል።