ከአውሮፕላን ወርዶ ዶዮገና እስኪገባ

ደቡብ አፍሪካ ወንድም፣ ዓረብ አገር እህት ያለው ቤት በሆሳዕናም፣ በዱራሜም፣ በእኛው በዶዮገናም ብዙ ነው። ስለዚህ ቦሌ ሄደን ሰው እንቀበላለን፤ ተቀብለንም እንንገላታለን።

ከጆሃንስበርግ የሚመጣ ሰው ከአምስት ሰዓት በላይ ሲበር አንድም ነገር አይጎድልበትም፤ ችግሩ መሬት ሲነካ ይጀምራል። ሲያርፍ መሽቷል፤ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ አይነሳም። እስከዚያ የት ይደር? ይህን ያሰበለት ማንም የለም።

እኛ ተቀባዮች ከመኪና ማቆሚያው አናልፍም። ቢዘንብም እዚያው ነን፤ ቢበርድም እዚያው ነን፤ እናት ይዘን ብንመጣም እዚያው ነን። መንገደኛው ጋሪውን እየገፋ ሲወጣ ከእኛ በፊት ሌሎች ያገኙታል። አንዱ ሳይጠየቅ ጋሪውን ይይዛል፤ አንዱ «ታክሲ ነው?» ይላል፤ አንዱ «በስልኬ ላስደውልህ» ይላል። ጋሪ ለያዘው ክፈል፤ ስልክ ላዋሰው ክፈል። ሲም ካርዱ ከተዘጋ ዓመታት ያለፉት ሰው ምን ያድርግ?

ታክሲው ዋጋ የሚጠራው ሻንጣ አይቶ ነው። «ከደቡብ አፍሪካ ነው የመጣኸው ወንድሜ?» ሲባል ሰላምታ ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን ከዚያ ይጀምራል። ይቅር ብለን በመተግበሪያ እንጠራለን። ሾፌሩ ይደውልና መድረሻችንን ይጠይቃል፤ መናኸሪያ አካባቢ ስንለው «ሰርዙትና በኮንትራት እንነጋገር» ይለናል። ከሰረዝነው ማን እንደጫነን የሚያውቅ የለም፤ ታርጋው የተመዘገበበት ቦታ የለም። የስንት ዓመት ላብ የገባበትን ሻንጣ ይዘን በማናውቀው መኪና በሌሊት እንሄዳለን። ከብሩ ይልቅ የሚያስጨንቀን ይኼ ነው።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ፣ በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘረጋ፤ አየር ማረፊያው ግን አልደረሰም። ተርሚናሉ በ2011 ዓ.ም. ሲሰፋ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ተደርጎ ነው። ለዚህ ሁሉ ሰው አንድ ሐዲድ እንዴት ይጠፋል? ወንድሞቻችን የሚነሱበት ጆሃንስበርግ ዘራፊ የሚፈራበት ከተማ ነው። እዚያ ግን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ጋውትሬን የሚባለው ባቡር ከአየር ማረፊያው ሳንድተን ድረስ በሩብ ሰዓት ያደርሳል። ዋጋው የታወቀ ነው፤ ከማንም ጋር ክርክር የለም።

እኛ መናኸሪያ አጠገብ አልጋ ይዘን፣ ሻንጣውን አልጋ ሥር ከተን፣ አንዳችን ነቅተን እናድራለን። ሲነጋ ጫኝና አውራጅ ይጠብቀናል፤ ሻንጣ ጣሪያ ላይ ለመስቀል የሚጠይቀውን ያልሰማ አያምነውም። ከዚያ ቡታጅራ፣ ወራቤ፣ ሆሳዕና፣ ከ230 ኪሎ ሜትር የማያንስ መንገድ። ሆሳዕና ወርደን እንደገና የዶዮገና ሚኒባስ እንጠብቃለን፤ እንደገናም ስለ ሻንጣው እንከራከራለን። በመስቀል ሰሞን ደግሞ አይነሳ። ለመሳላ ከምባታው ሁሉ፣ ለያሆዴ ሐዲያው ሁሉ ወደ አገሩ ሲጎርፍ መኪና ይጠፋል፤ የተገኘውም በታሪፍ አይሄድም።

የምንጠይቀው ቀላል ነው። አውሮፕላን በሚያርፍበት ሰዓት ሁሉ ከተርሚናሉ መናኸሪያ የሚያደርስ አውቶቡስ፤ በመውጫው ላይ በጉልህ የተጻፈ የታክሲ ታሪፍ፤ እስኪነጋ የሚቀመጡበት ጣሪያና ጥበቃ ያለው ቦታ።

አሁን ደግሞ ቢሾፍቱ አጠገብ፣ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ አዲስ አየር ማረፊያ እየተሠራ ነው። ከቦሌ መናኸሪያ መድረስ እንዲህ ካስቸገረን ከቢሾፍቱ በሌሊት ስንት ሊጠይቁን ነው? ግን መፍትሔው እዚያው አለ። ከቢሾፍቱ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ አድርጎ ቡታጅራ የሚያወጣ መንገድ አለን፤ ወደ ሆሳዕና የሚወርድ ሰው አዲስ አበባ መግባትም አያስፈልገው። በዚያ መስመር አውቶቡስ ይመደብልን። የሚመደበውም አየር ማረፊያው ሥራ በሚጀምርበት ቀን ይሁን፤ እኛ ዓመታት ከተንገላታን በኋላ አይሁን።