ፒስታ ፍለጋ

ዓርብ ማለዳ ነው። ሃይፋ ውስጥ፣ ሐዳር በሚባለው ከላይም ከታችም ባልሆነ ሰፈር፣ አንድ የ43 ዓመት ጎልማሳ ጠባብ ቁምጣ ለብሶ ብስክሌቱን ከደረጃ ሥር ይጎትታል። እናቱ በረንዳ ላይ ሆነው ለሰንበት የሚደፉትን የዳቦ ሊጥ እያሹ ያዩታል። ቁምጣውን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ብስክሌቱን ሲያዩ ግን ዝም ማለት አይሆንላቸውም።

«ወዴት ነው?»

«ፒስታ ፍለጋ፣ እማዬ።»

«አስፋልቱ ምን ሆነ?»

ጥያቄው መልስ የለውም። ቤተሰቡ በሙሉ ከጎንደር ገጠር ተነስቶ፣ ባሕርና ድንበር ተሻግሮ፣ አስፋልት ደጁ ድረስ የሚመጣበት አገር ገብቷል። አሁን ልጁ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ገንዘብ አውጥቶ፣ ዋና ሙያው ከአስፋልት መውጣት የሆነ ብስክሌት ገዝቷል። ዓለም «ግራቭል» ይለዋል። መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተቆለመመ ነው፤ ጎማው ከውድድር ብስክሌት ይወፍራል፣ ከተራራ ብስክሌት ይቀጥናል። የተሠራውም ለጠጠር፣ ለአቧራና ለእርሻ መንገድ ነው። ባጭሩ ለፒስታ። ጣሊያን ይህን ቃል ትቶልን ሲሄድ ፒስታ ማለት አስፋልት እስኪመጣ የሚታገሱት መንገድ መሆኑን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ከፍሎ የሚናፍቀው ሰው ይመጣል ብሎ የገመተ ግን ያለ አይመስልም።

ጎልማሳውን ለዚህ በሽታ የዳረገው ከፈረንሳይ የመጣ የሥራ ባልደረባው ነው። ፈረንሳዊው ሻይ ሲጠጣም ስብሰባ ላይም የሚያወራው ስለ አገሩ ገጠር ነው፤ በደን ውስጥ ስለሚጠማዘዘው የእንጨት ጫኝ መንገድ፣ በእርሻ መካከል ስለሚያልፈው የትራክተር መንገድ። ከሁሉ የሚወደው ብሪታኒ ውስጥ ላኒሊስ በምትባል ከተማ የሚካሄደውን «ትሮ ብሮ ሌዮን» የተባለ ውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው፣ በአካባቢው የብሬቶን ቋንቋ ለሚያስተምር ትምህርት ቤት ገንዘብ ለማሰባሰብ ነበር። ዛሬ ታላላቅ ባለሙያዎች ይጋልቡበታል፤ ጎማቸው ይፈነዳል፣ ፊታቸው በአቧራ ይለሰናል። ከብሪታኒ ተወላጆች ቀድሞ ለሚገባውም ልዩ ሽልማት አለ፤ የአሳማ ግልገል። በሕይወት ያለ፣ የሚጮህ፣ እቅፍ ውስጥ የሚፈራገጥ።

ጎልማሳው ይህን ለእናቱ ከነገራቸው ቀን ጀምሮ ለሁለት ሳምንት ያህል በሐዘኔታ ሲያዩት ከረሙ። ሮጦ መሸነፍ ያለ ነው፤ ሮጦ አሸንፎ አሳማ ማቀፍ ግን ከየትኛው ኃጢአት የመጣ ቅጣት እንደሆነ አልገባቸውም።

ሃይፋ ላይ ፒስታ የሚገኘው አናት ላይ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ከተማዋ ከባሕሩ ጀምራ የቀርሜሎስን ተራራ እየተንጠላጠለች የወጣች ናት። ሽቅብ መውጣት የሰለቸው ሰው ካርመሊት አለለት። ተራራውን ከውስጥ ቦርቡሮ የሚወጣው ይህ በገመድ የሚሳብ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1959 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ 1.8 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና ስድስት ጣቢያዎች ብቻ አሉት። የሠራው የፈረንሳይ ኩባንያ ስለነበር የታችኛው ጣቢያ «የፓሪስ አደባባይ» ይባላል። ስለዚህ አንድ የሃይፋ ሰው ከፓሪስ ተነስቶ፣ «ነቢያት» የሚባለውን ጣቢያ አልፎ፣ ላይ «የእናት መናፈሻ» ሲደርስ የሚፈጅበት ስምንት ደቂቃ ያህል ነው። ጎልማሳችን ግን ክብር አለበት። ምላሱን አውጥቶ በፔዳል ይወጣል። ከሥሩ ባቡሩ ሰው ጭኖ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ እንደገና ሲወጣ እሱ ገና አንድ ኩርባ ላይ ቆሞ፣ ካቴናው ችግር ያለበት ለማስመሰል ጎንበስ ብሎ ይነካካል።

እዚያው ኩርባ ላይ ሽልማቱ ይጠብቀዋል። የሃይፋ የዱር አሳማዎች በዓለም ዜና የታወቁ ናቸው። ከተማዋ እነሱን በጥይት ማደኑን እ.ኤ.አ. በ2019 ካቆመች በኋላ ከሸለቆው እየወጡ በቆሻሻ ገንዳ፣ በመናፈሻና በአውቶቡስ ፌርማታ እንደ ግብር ከፋይ ነዋሪ ይንጎራደዳሉ፤ በምርጫ ቅስቀሳ ሳይቀር አጀንዳ ሆነዋል። አንዲት እናት አሳማ ስድስት ግልገሎቿን አስከትላ መንገድ ስታቋርጥ ጎልማሳው ፍሬን ይዞ ቀጥ አለ። ብሪታኒ ላይ አንዷን ግልገል ለማግኘት ስንትና ስንት ጋላቢ መቅደም ያስፈልጋል፤ እዚህ ማንንም ሳይቀድም ስድስት፣ ያውም ከእናታቸው ጋር። አሳማዋ ቁምጣውን አየችና ልክ እንደ እናቱ ፊቷን አዞረች።

ከዩኒቨርሲቲው ማማ ባሻገር ደኑ ይጀምራል። ፒስታው በጥድ፣ በባሉጥና በካሮብ ዛፍ መካከል ገብቶ «ትንሿ ስዊዘርላንድ» ወደሚሏት ሸለቆ ይወርዳል። ስዊዘርላንድን ያየ ሰው ስሙን ሲሰማ ይስቃል፤ የጎንደርን ሐምሌ ያየ ደግሞ አረንጓዴነቱ ላይ ትንሽ ይከራከራል። ቢሆንም በክረምት ዛላቸውን ያዘነበሉ አበቦች ከድንጋይ ሥር ብቅ ሲሉ ያምራል። አንዳንድ ቦታ ላይ ግን ጥዶቹ ሁሉ እኩያ ናቸው፤ ከእሳት በኋላ አብረው የተወለዱ፣ አብረው ያደጉ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2 ቀን 2010 የተነሳው ያ እሳት 44 ሰው ገድሏል። አብዛኞቹ እስር ቤት ለማስለቀቅ በአውቶቡስ ይጓዙ የነበሩ የማረሚያ ቤት ሠልጣኝ መኮንኖች ነበሩ። ብስክሌተኞች እዚያ ሲደርሱ ወሬ ይቀንሳሉ።

ደቡብ ምሥራቁን ይዞ ለሄደ፣ ከድሩዞቹ መንደር ከዳልያት አል ካርሜል ባሻገር ሙሕራቃ የተባለው ገዳም ይገኛል። ኤልያስ ከ450 የበኣል ነቢያት ጋር የተፎካከረበት ቦታ ይህ ነው ይባላል፤ ሐውልቱም ሰይፉን እንዳነሳ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ፈረንሳዊው ብስክሌት የአባቶቹ ፈጠራ እንደሆነ ሁሉ ሲኩራራ ጎልማሳችን የሚመዘው ካርታ ኤልያስ ነው። መጽሐፉን የሚያውቅ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ ነቢዩ በእግሩ ሮጦ የአክዓብን ሠረገላ እስከ ኢይዝራኤል ቀድሞታል። የረጅም ርቀት ውድድር፣ መንኮራኩር ከእግር ጋር፣ አሸናፊው እግር። ይህ ያልበቃው ደግሞ እ.ኤ.አ. ግንቦት 5 ቀን 2018 የተደረገውን ያስታውስ፤ የጣሊያን ዙር ብስክሌት ውድድር ሁለተኛ ቀኑን ከሃይፋ ተነስቶ 167 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ቴል አቪቭ ሲገባ አንደኛ የወጣው ጣሊያናዊ ስሙ ኤሊያ ቪቪያኒ ነበር። ኤሊያ በጣሊያንኛ ያው ኤልያስ ነው። እናትየው ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ በብስክሌት ጉዳይ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ቀኑ ቅዳሜ መሆኑን ጠየቁ። ቅዳሜ ነበር። ነገሩ እዚያው ቀረ።

ኤልያስን እስከዚህ የሚጠቅስ ሰው ቀሪውን ማንበብ ነበረበት። ያው ነቢይ በዚሁ ተራራ ላይ ከባሕር የወጣች የሰው እጅ የምታህል ደመና እንደታየች ሲነገረው፣ ዝናቡ እንዳይከለክለው ሠረገላውን ጭኖ እንዲወርድ ለንጉሡ ልኮበታል። ከዚህ የጠራ የአየር ትንበያ ለብስክሌተኛ አይገኝም። በዚያች ዓርብ ደኑ ውስጥ ለቡና ሲያርፉ፣ አብሮት የሚጋልበው ፈረንሳዊ በባሕሩ በኩል ጣቱን ቀስሮ «ትንሽ ደመና» አለ። ጎልማሳው «ትንሽ ናት» ብሎ ቡናውን ደገመ።

ፒስታው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዋልካ ሆነ። የቀርሜሎስ አፈር ሲረጥብ እንደ ሊጥ ነው፤ ጎማው ላይ ይጠቀለላል፣ ፍሬኑ ሥር ይታጨቃል፣ ካቴናውን ይውጣል። መጀመሪያ ፔዳሉ እምቢ አለ፤ ቀጥሎ ቸርኬው መዞር ተወ፤ በመጨረሻ ሲገፉትም የማይሄድ ሆነ። የአገሩ ሰው በቅሎ እንዲህ ብታደርግ ቢያንስ በዱላ ያስፈራራት ነበር። ሰንበት ሊገባ ነው፣ ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ አዘንብላለች። ጎልማሳው ብስክሌቱን ትከሻው ላይ አወጣው። ፈረንሳዊው በአገሩ ይህም የስፖርቱ አካል እንደሆነ ሊያስረዳው ሲሞክር በፈረንሳይኛም በዕብራይስጥም የማይተረጎም አንድ የአማርኛ ቃል ሰማ።

ደጃፉ ሲደርስ ዳቦው ወጥቷል፣ ሽታው ደረጃው ላይ ደርሷል። እናቱ በሩን ከፍተው ከራሱ እስከ እግሩ ጭቃ የሆነውን ልጃቸውን፣ ትከሻው ላይ የተጋደመውንም ብስክሌት ተመለከቱ። እኚህ ሴት እ.ኤ.አ. በ1984 ይህንኑ ልጅ በጀርባቸው አዝለው፣ ቀን እየተደበቁ ሌሊት እየተጓዙ ሱዳን የገቡ ናቸው። በዚያ መንገድ ብዙ ሰው ቀርቷል። ስለዚያ ጉዞ ብዙ አያወሩም።

«ፒስታውን አገኘኸው?» አሉ።

«አገኘሁት፣ እማዬ። አንቺም በዚህ ዓይነት መንገድ ነው አይደል የመጣሽው?»

«ፒስታማ ቢኖር ምን ነበረበት! ጫካ ለጫካ ነው እንጂ።» ብስክሌቱን እንደገና አዩት። «ይከብዳል?»

«ዐሥር ኪሎ ነው። ከጭቃው ጋር ይበልጣል።»

«አንተም እንደዚያው ነበርክ» አሉና ከበሩ ፈቀቅ አሉ። «ጫማህን ውጭ አውልቅ። እሱንም እዚያው አውርደው።»